ሠላሳ ስምንት ከመቶ

ሰኞ 4

ሁለተኛው አውቶቡስ ዛሬም ዳገቱ ላይ ቆመ። ሹፌሩ ደወለልኝ።

«ኢንጂነር፣ ይሄ ልጅዎ ትኩሳት ይዞኛል ብሎ መሀል መንገድ ተኝቷል።»

«ስክሪኑ ስንት ይላል?»

«ዘጠና አንድ።»

ዘጠና አንድ ዲግሪ የደረሰ ባትሪ አይተኛም፤ ይቀጣጠላል። በታክሲ ደርሼ ሳጥኑን ስዳስሰው ከእጄ ይልቅ እሱ ቀዝቅዟል። ደግነቱ ለሙከራ የጫነው የአሸዋ ከረጢት እንጂ ሰው አልነበረም። ከኋላ የተሰለፉት ሾፌሮች የሰደቡኝን ስድብ ሁሉ ልጻፍ ብል ደብተሩ አይበቃኝም።

ማክሰኞ 5

ስናደድ አስተካክዬ ስለማላስብ፣ ከሥሩ ልጻፈው።

ድርጅታችን ያረጁ የናፍጣ አውቶቡሶችን ሞተር አውጥቶ ባትሪና የኤሌክትሪክ ሞተር ይገጥማል። በእያንዳንዱ አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ትንሽ ኮምፒዩተር አለች። የባትሪው ሙቀት፣ ቮልቴጁና ከባትሪው የሚወጣው የኤሌክትሪክ ፍሰት፣ ማለትም ከረንቱ፣ በሴንሰር ይለካሉ። የሦስቱም ሽቦ የሚገባው ወደ አንዲት መለኪያ ቺፕ ነው። እያንዳንዱን መስመር ቻናል እንለዋለን። ቺፗ ሦስት ጆሮ ቢኖራትም በአንድ ጊዜ የምትሰማው በአንዱ ብቻ ነው። መጀመሪያ የቱን እንደምትሰማ ይነገራታል፣ ትለካለች፣ ከዚያ ቁጥሩ ይወሰዳል።

ቺፗን የሚያናግረውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ የጻፈችው ዝምተኛዋ የሥራ ባልደረባዬ ናት። እኔ የጻፍኩት የባትሪ ጠባቂውን ነው። ሁለቱም የሚኖሩት በኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሆድ ውስጥ፣ ከርነል በሚባለው ቦታ ነው። የእኔ ጠባቂ ቺፗን በእጁ አይነካም። «የባትሪ ሙቀት» የሚባለውን ቻናል በስሙ ከዝምተኛዋ ድራይቨር ይጠይቃል፤ የተሰጠውን ያያል፤ ከስልሳ ዲግሪ ካለፈ ወዲያው ኃይል ይቆርጣል። ደንቡ ይኸው ነው፤ ባለቤት ያለውን ዕቃ ባለቤቱን ጠይቀህ ትወስዳለህ።

ታዲያ ዘጠና አንድ ከየት መጣ? የእኔን ኮድ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከእኔ አይደለም። ከእኔ ካልሆነ ከእሷ ነው።

ረቡዕ 6

ዝምተኛዋን ጠየቅኳት። ጠየቅኳት ልበል እንጂ የክፍሉ ሰው ሁሉ ዞሮ አይቶናል።

«ድራይቨርሽ ይዋሻል» አልኳት።

«ጋሼ፣ የእኔ ቤት በሩ አንድ ነው። በበሩ የገባውን ሁሉ አውቀዋለሁ። የእርስዎን ጥያቄ ተቀብዬ የእርስዎን መልስ ነው የሰጠሁት።»

«እና ዘጠና አንድ ዲግሪ በመስኮት ገባ?»

«እሱን እንጃ» ብላ ወደ ስክሪኗ ዞረች። አብረን መሥራት ከጀመርን ረጅሙ ንግግሯ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ስወጣ አንዱ ከኋላዬ፣ «እሾህ ዛሬ ደግሞ ማንን ወጋ?» ሲል ሰማሁት። እሾህ የሚሉት እኔን ነው። የምሰማ አይመስላቸውም፤ ወይም እንድሰማ ነው የሚሉት።

ዓርብ 8

ስብሰባ። ሥራ አስኪያጁ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ ላይ አጥንተናል፤ አንድ ቀን ተሸውደን የጠዋት ፈተና ከሰዓት ሄደናል። ዛሬ ከእኔ ጋር ሲያወራ ግን እንደ ደንበኛ ነው የሚስቀው።

«አንተ ሰው፣ ነገሩን አታካብደው። ከስልሳ ሲያልፍ ጠባቂህ ሁለት ደቂቃ ይታገሥ። ውሸት ከሆነ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይወርዳል። ካልወረደ ያኔ ያቁም። አለቀ።»

«እውነት ከሆነስ?»

«ባትሪዎቻችን እስከ ዛሬ አንድም ቀን ተቃጥለው አያውቁም።»

«የሚቃጠሉት እኮ አንድ ቀን ብቻ ነው» አልኩት።

ማንም አልሳቀም። እሱም ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስተኛውና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ወሩ ሲገባ አውቶቡሶቹ ሰው ይጭናሉ። ከዚያ በፊት የደኅንነት ወረቀቱ ላይ መፈረም ያለብኝ እኔ ነኝ። «አንተ ካልፈረምክ የሚፈርም አላጣም» አለኝ። «ዕድሜህንም አስብበት። በዚህ ዕድሜ ሥራ ፍለጋ በየደጁ መቆም ላንተ አይሆንም።»

ለእኔ አይሆንም! እሱስ ስንት ዓመቱ ነው?

እሑድ 10

ልጄ ደወለ። የሚኖረው ሌላ ከተማ ነው፤ የሙያ ፈቃድ ፈተናውን ተፈትኖ ውጤት ይጠብቃል። እንደ ልማዱ ለእናቱ ነው የደወለው። ስልኩን ተቀብዬ ውጤቱ መጣ ወይ፣ መቼ ይመጣል፣ ለምን ዘገየ፣ ማንን ጠየቅህ አልኩት። «እሺ አባዬ» አለ። የምንም ጥያቄ መልስ «እሺ አባዬ» ሊሆን አይችልም።

ባለቤቴ ሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ነገር አታበዛም። «አንተ ልጅህን ትመረምረዋለህ እንጂ አታወራውም» አለችኝ።

«ታዲያ በአንቺ በኩል እየተቀበልኩ ልኑር? አባቱ አይደለሁም?»

«በእኔ በኩል ስታገኝ ቢያንስ የምታገኘው ልክ ነው።»

ተኛሁ። አልተኛሁም።

ረቡዕ 13

ቸኩያለሁ። አሁንም ቆመ። ያው ዳገት። ሰማንያ ስምንት።

ግቢ ውስጥ ስናዞረው ውለን አልቆመም። ሜዳ ላይ አይቆምም። ቁልቁለት ላይ አይቆምም። ዳገት ላይ ብቻ።

አሸዋው ቢከብደው ነው አለ አንዱ። ይህም መሐንዲስ ይባላል።

ዓርብ 15

ዝምተኛዋ ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ወረቀት አስቀምጣ ሄደች። የጥያቄና መልስ ቆጠራዋ ነው፤ በእሷ በር የገባ ጥያቄ ሁሉ፣ የወጣ መልስ ሁሉ። እኩል ነው። ምንም አይጎድልም፣ ምንም አይተርፍም። ራሷን ለመከላከል ነው ብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

የሁለቱ ደቂቃ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። በሩን ለመክፈት፣ አሮጊት ለማውረድ፣ ልጅ ለማቀፍ ሁለት ደቂቃ ምንድን ነው? ሰው በማይዋሽ ነገር ላይ ሲፈርም እንኳ ሁለቴ ያነባል።

እሑድ 17

ይህን ተረጋግቼ ልጽፈው ይገባል፤ አሁንም አልተረጋጋሁም።

ከሰዓት በኋላ ነው። እጄን ታጥቤ ስወጣ ባለቤቴ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ስልክ ታወራለች። አንድ ነገር ጠይቃ መልሱን ትጠብቃለች። ልጁ መሆኑን ከፊቷ አወቅኩ። ውጤቱ መጥቶ ይሆናል አልኩና «አምጪው» ብዬ ስልኩን ከእጇ ላፍ አደረግኩት።

«ስንት መጣ?» አልኩ።

ስልኩ ኮሽኮሽ አለና፣ ልጁ «ሠላሳ ስምንት» አለ።

«ሠላሳ ስምንት? ከመቶ?»

«እንዴ፣ አባዬ ነህ? አዎ፣ ሠላሳ ስምንት። ትናንት እኮ ሠላሳ ዘጠኝ ነበር።»

«ትናንት ሠላሳ ዘጠኝ፣ ዛሬ ሠላሳ ስምንት! ቁልቁል ነው እንዴ የምታድገው?»

«አባዬ፣ መውረዱ ጥሩ አይደለም?»

እዚህ ላይ የተናገርኩትን አልጽፈውም። እሱን ያስተማርኩበትን ዘመን፣ ያባቴን ስም፣ የጎረቤቱን ልጅ፣ ሁሉንም አነሳሁ። ልጁ በመጨረሻ በቀጭን ድምፅ፣ «እማዬ የለችም?» አለ። ባለቤቴ አፏን በመዳፏ ይዛ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። ስልኩን ተቀበለችኝና፣ «የኔ ልጅ፣ ተኛ፤ ውሃ አብዝተህ ጠጣ። አባትህ ትኩሳትህን ከመቶ እያረመው ነው» አለችው።

ልጁ ታሟል። እሷ «ትኩሳትህ ስንት ነው?» ብላ ጠይቃው፣ እሱ ቴርሞሜትሩን ሊያይ ስልኩን ከጆሮው አርቆት ነበር። የእኔን ጥያቄ አልሰማም። ለእሷ ጥያቄ መለሰ፤ መልሱን የተቀበልኩት ግን እኔ ነኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የታመመው? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ደውለህ ለምን ታመምክ ብለህ ትቆጣዋለህ።»

ሌላ ነገር ያዘኝ። ግድግዳውን ተደግፌ ቀረሁ። ልጁ አልዋሸም። ቁጥሩም ልክ ነው፤ ሠላሳ ስምንት ሠላሳ ስምንት ነው። ጥያቄው ብቻ የእኔ አልነበረም። አንዱ ይጠይቃል፣ ልጁ ሊያይ ዘወር ይላል፣ በመሀል ሌላው እጁን ይሰዳል፣ መልሱ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ይወሰዳል።

ቺፗ!

ሰኞ 18፣ ጠዋት

ከግቢው ዘበኛ ቀድሜ ገባሁ። ጠባቂዬ በውሸት የቆመባቸውን ንባቦች ሁሉ ከአውቶቡሱ መዝገብ አወጣሁ። ወደ ዲግሪ ከመቀየራቸው በፊት የነበሩትን ጥሬ ቁጥሮች ወሰድኩ። ሙቀት ናቸው ማለቱን ተውኩና ከረንት ቢሆኑስ ብዬ በከረንቱ ስሌት ቀየርኳቸው። በዚያው ሰዓት የሞተሩ መቆጣጠሪያ ለብቻው ለክቶ ከጻፈው ከረንት ጎን አሰለፍኳቸው።

ገጠሙ። ሁሉም ገጠሙ። ዘጠና አንድ ዲግሪ ሙቀት አልነበረም፤ ዳገት የሚወጣ አውቶቡስ የሚስበው ከረንት ነበር። ለዚህ ነው ዳገት ላይ ብቻ የሚቆመው! ሜዳ ላይም ቁጥሩ ይምታታል፣ ግን ከረንቱ ትንሽ ስለሆነ ከስልሳ በታች ሆኖ ያልፋል፤ ማንም አያየውም።

ወንበሬ ላይ ቆሜ ልጮህ ነበር። በዚህ ዕድሜ ወንበር ላይ አይቆምም። ጮህኩ ግን። ዘበኛው፣ «ጌታዬ፣ ሰላም ነው?» ብሎ በሩን ከፈተ። «ሰላም ብቻ!» አልኩት።

ሰኞ 18፣ ከሰዓት

እና ከረንቱን የሚጠይቀው ማን ነው? በዝምተኛዋ በር የከረንት ጥያቄ አልገባም። ወረቀቷን ከመሳቢያው አወጣሁት። ልክ ናት። ከመጀመሪያው ቀን ልክ ነበረች። ሌላ ሰው አለ፤ በሩን ሳያንኳኳ በቀጥታ ከቺፗ የሚያነብ።

ሙሉውን ከርነል ፈተሽኩ። ሹፌሩ ፊት ያለውን ሰሌዳ በሚያሠራው የዳሽቦርዱ ድራይቨር ውስጥ አገኘሁት። አሥር የማትሞላ መስመር። ጠባቂዬ ሙቀቱን ጠይቆ መልስ እየጠበቀ ሳለ እንኳ ቺፗን በቀጥታ «ከረንቱን ስሚ» ይላታል፣ ቁጥሩንም በቀጥታ ይወስዳል። የዝምተኛዋ ድራይቨር ሁለት ጠያቂ እንዳይጋጭ ቁልፍ አለው። ቁልፍ ግን የሚይዘው በበር የሚገባውን ነው። ከርነል ውስጥ ደግሞ ማንም ማንንም አይከለክልም፤ ሁሉም ባለሥልጣን የሆነበት፣ የውስጥ ግድግዳ የሌለው ቤት ነው።

ከመስመሮቹ በላይ የተጻፈ ማስታወሻ አለ። «ለጊዜው» ይላል። አጻጻፉን አወቅኩት። ከዚህ እጅ ስንት ጊዜ ትምህርት ገልብጫለሁ።

ማክሰኞ 19

ሥራ አስኪያጁን ቢሮው ሄጄ አልጠራሁትም። ወደ እኛ ክፍል ሲመጣ ጠበቅኩት፤ ሰው ሁሉ ባለበት። ይህን ሆን ብዬ እንዳደረግኩት አልክድም።

«ይሄ የማን እጅ ነው?»

አየውና ጆሮው ቀላ። «ያኔ... ደንበኞቹ ሊያዩ የመጡ ጊዜ ነው። የዳሽቦርዱ ቀስት ከረንቱን አላሳይ ብሎኝ። ዝምተኛዋ ፈቃድ ላይ ነበረች። ለጊዜው ብዬ ነው እኮ! አሥር መስመር እንኳ አይሞላም።»

«ቢላዋም አጭር ነው።»

«እሺ፣ ገባኝ።»

«ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። ቻናሉን በስሙ መጠየቅ ሦስት መስመር ነበር። ሦስት! አሥር ጽፈህ ነው የሰነፍከው።»

ከጥግ፣ ዝምተኛዋ ከስክሪኗ ሳትዞር፣ «በመስኮት ገባ ማለት ነው፣ ጋሼ» አለች።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሥራ አስኪያጁም ሳቀ፤ ምን ያድርግ። ዝም አይነቅዝም የሚሉት እውነት ነው።

ኋላ ወደ ጠረጴዛዋ ሄድኩ። የምለውን አዘጋጅቼ ነበር። አፌን ስከፍት፣ «ወንበርሽ ይወዛወዛል» የሚል ወጣ። መፍቻ አምጥቼ ብሎኑን አጠበቅኩላት። «አመሰግናለሁ፣ ጋሼ» አለች፣ በጣም በቁም ነገር።

ሐሙስ 21

ዳገቱ! በአሮጌው ኮድ ወጣን፤ ቆመ። በአዲሱ ወጣን፤ አልቆመም። ደገምን። ደገምን። አሸዋ ጨመርን። ቀስቱም ከረንቱን አሳምሮ ያሳያል፤ አሁን በበሩ በኩል በስሙ ይጠይቃል፣ ተራውን ይጠብቃል።

ሹፌሩ አናቱ ላይ አቁሞ ጥሩንባውን ነፋው። «ኢንጂነር፣ ልጅዎ ዳነ!»

ሳላስበው፣ «ትኩሳቱ ትናንት ለቆታል» አልኩት። ግራ ተጋብቶ አየኝ።

ሰኞ 25

ደስታ ውሎ አያድርም። ሥራ አስኪያጁ ሁለቱን ደቂቃ አልተዋቸውም፤ አውቶቡሶቹ ላይ ገና ባልተጫነው አዲሱ የጠባቂው ኮድ ውስጥ በገዛ እጁ ጽፏቸዋል።

«ሌላም ያላየነው ውሸት ቢኖርስ? ለማንኛውም ይኑር። ሰው ጭኖ ከሚቆምብን።»

«ውሸቱን ነቀልኩልህ፤ አሁን ጠባቂው እውነት ነው የሚናገረው። እውነት ለሚናገር ሰው ጆሮህን ሁለት ደቂቃ ትደፍናለህ?»

«እሾህነትህን ተውና ፈርም።»

«ሁለቱ ደቂቃ ካልወጣ አልፈርምም።»

ወረቀቱን ይዞ ወደ ዝምተኛዋ ሄደ። መፈረም ትችላለች፤ ማዕረጉ አላት። የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ከእኔ ይልቅ ሥራው ለእሷ ያስፈልጋታል። አልፈርድባትም ነበር። አንገቴን ደፍቼ ኪቦርዴን አየሁ።

«ጋሼ ያልፈረሙበት ላይ የእኔ እስክሪብቶ ቀለም የለውም» አለችው።

እሱ በሩን ወርውሮት ወጣ። እኔ ቀና አላልኩም። ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገብቶ ነበር፤ ያ ክፍል ተጠርጎ አያውቅም።

ለባለቤቴ ሥራዬን ልለቅ እንደምችል ነገርኳት። «እራት ቀርቧል» አለች። ከዚያ፣ ወንበሬን ስትስብልኝ፣ «ፈርመህ ብትመጣ ነበር የምደነግጠው» አለች።

ሐሙስ 28

ከደስታዬ የተነሳ እራት ሳልበላ ነው የምጽፈው።

ጠዋት ሦስተኛው አውቶቡስ ግቢ ውስጥ ባትሪው እየተሞላ ነበር። ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ዳገት የለ፣ አሸዋ የለ። ድንገት ጠባቂው ኃይሉን ቆረጠ። ስክሪኑ ስልሳ ሦስት ይላል።

ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ መጣ። «ይኸው! አላልኩህም? ያው ውሸታሙ! መልሱት፣ አስነሱት!»

«ማንም እንዳይነካው!» ስል ድምፄ ግቢውን ሞላው። አሁን አይዋሽም። አሁን የጠየቅኩትን ነው የሚመልስልኝ። ይህን ያህል እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም፤ ልጄ የተወለደ ቀን እንኳ።

ዋናውን ማጥፊያ አወረድን። ሳጥኑን ስንከፍት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ፊታችንን መታን። የሁለቱን ባትሪዎች ኬብል የሚያያይዘው ብሎን ሲገጠም አልጠበቀም። ላልቶ፣ ግሎ፣ የኬብሉ ልባስ ጠቁሮ መቅለጥ ጀምሯል። ከሥሩ የባትሪው ክዳን ጫፍ መጠምዘዝ ይዟል። ገና ጢሱ እየወጣ ነው።

ሹፌሩ ኮፍያውን አወለቀ።

ሥራ አስኪያጁ ያን ጥቁር ኬብል ብዙ ቆሞ አየው። ከዚያ በቀስታ፣ «ሁለት ደቂቃ» አለ። ለእኔ አልነበረም የተናገረው።

ክፍላችን ገብቶ ጠረጴዛዬ ጋ ተቀመጠ፤ በእኔ ወንበር። የሁለቱን ደቂቃ መስመር ፈልጎ በገዛ እጁ አጠፋው። ሲነሳ ትከሻዬን ያዘኝ። «እሾህ» አለኝ፣ ፊት ለፊቴ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። «እንኳን አልተነቀልክ።»

ፈረምኩ። ቀጥሎ ዝምተኛዋ ፈረመች። እስክሪብቶዋ ቀለም ነበረው።

ሰኞ 2

ሰው ጫኑ! አራቱም አውቶቡሶቻችን። የመጀመሪያው ላይ ቆሜ ሄድኩ፤ መቀመጫ ለሌላ ይሁን። አንዲት ሴትዮ ዳገቱ ሲጀምር ለጎረቤቷ፣ «ይሄ ደግሞ ሞተሩ ጠፋ እንዴ? ድምፅ የለው!» አለቻት። «አይ እሜቴ፣ እየሠራ ነው» አልኩ። «አንተ ምን ታውቃለህ?» አለችኝ።

ምንም። ምንም አላውቅም፣ እሜቴ። አናቱ ላይ ስንደርስ ስክሪኑ ሠላሳ አንድ ይል ነበር።

እሑድ 8

ልጁ ደወለ። ባለቤቴ አነሳችው። ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስለ ጤናው ጠየቀችው፣ መለሰላት። ስለሚበላው ጠየቀችው፣ ዋሻት። አልተናገርኩም። እጄን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

«አባዬ የለም እንዴ? ድምፁ ጠፋ» ሲል ሰማሁት።

«አለ። ተራውን እየጠበቀ ነው» አለችው። ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል ስልኩን ሰጠችኝ።

ጥያቄ አልነበረኝም። ነበረኝ፤ ዋጥኩት። «እንዴት ነህ፣ አባቴ?» አልኩት። ልጁ ይህን ያልጠበቀ ይመስለኛል። ከዚያ ድምፁ ሲዘል ሰማሁት።

«ሰማንያ ሰባት!» አለ።

ልቤ ተነሳ። ያዝኩት።

«የምኑ?» አልኩት።